ቁምሳጥኑ በበሩ አይወጣም

እየቀዳ ነው? እሺ እየቀዳ ነው። ዝናቡን እየሰማችሁት ነው መቼስ፣ "የጥብሱ ፖድካስት" ብላችሁ ስም ያወጣችሁልኝ ሰዎች ይኸው ጥብሳችሁ መጣላችሁ፣ ቆርቆሮው ነው፣ እኔ ምንም እየጠበስኩ አይደለም።

ስለ ድሬው ነገር ነው የማወራው፣ ከጅማ ለስራ ድሬዳዋ ልሄድ መሆኑን ለእማ ስለነገርኳት ማታ። አዎ አውቃለሁ፣ ባለፈው ክፍል "ነግሬያታለሁ፣ አለቀ" ብዬ በሁለት አረፍተ ነገር ዘግቼው ነበር፣ ግን ሳምንቱን ሙሉ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ፣ እንቅልፍ ሊወስደኝ ሲል ነው የሚመጣው ደሞ።

ማታ ነው፣ መብራት ሄዷል፣ ሻማ በርቷል። እማ ሰፌዱን ጭኗ ላይ አድርጋ ቡና ትለቅማለች። በሻማ ቡና የሚለቅም ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እሷ በጣቷ ነው የምታውቀው፣ ነቀዝ የበላውን ሳታየው ነው የምታወጣው። እኔ ደሞ ስንት ነገር አዘጋጅቼ ነው የተቀመጥኩት፣ "እዛ ማን አለሽ" ካለች ይሄን እላለሁ፣ "ከማን ተጣልተሽ ነው" ካለች ይሄን፣ "ሳታገቢ?" ካለች (ትላለች ብዬ እርግጠኛ ነበርኩ) እሱንም አስቤበታለሁ፣ ካለቀሰች ግን... ካለቀሰች ምን እንደምል አላዘጋጀሁም። ለምን እንዳላዘጋጀሁ አሁን ሳስበው ትንሽ ይገርመኛል። እና "እማ፣ የድሬዳዋው ስራ ተሳካ" አልኳት። እጇ አልቆመም። እሱን ነው የማልረሳው፣ ቡናውን መልቀሟን ቀጠለች፣ ቀጠለች፣ ከዛ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው፣ "ቁምሳጥኑን ይዘሽው ነው የምትሄጂው?"

ቁምሳጥኑን ታውቁታላችሁ፣ የማታውቁት የድሮዎቹን ክፍሎች ስሙ ምን ላድርጋችሁ። ዋንዛ ነው፣ አባዬ ያሰራው፣ አናጢው እዚሁ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብሎ ነው የገጣጠመው፣ ስለዚህ በበሩ አይወጣም። አይወጣም! ቤቱን ቀለም ስንቀባ ልናወጣው ሞክረን የሆነውን ነግሬያችኋለሁ። እማ ደሞ ይሄን ከማንም በላይ ታውቃለች፣ በሩ ላይ ቆማ "ተዉት፣ ተዉት" ስትል የነበረችው እሷ ናት። ታዲያ ምን ማለቷ ነው? ድሬ ድረስ፣ መጀመሪያ በአውቶብስ ጊቤን ተሻግሬ በወልቂጤ በወሊሶ አዲስ አበባ፣ ከዛ ለቡ ሄጄ በባቡር፣ ከቁምሳጥን ጋር?

"አይ፣ ይቅር" አልኳት። "ደግ፣ ነርሷ ትጠቀምበታለች" አለች።

"የቷ ነርስ?"

"አንዲት ልጅ አለች ሆስፒታል የምትሰራ፣ ክፍል ፈልጉልኝ ስትል ነበር። ለተማሪ አላከራይም፣ ሌሊቱን ሙሉ ነው የሚንጫጩት።"

ገባችሁ? ነርሷ ቀድማ ተገኝታለች። እኔ ከመናገሬ በፊት! እኔ እዛ ቁጭ ብዬ እንዴት ብዬ ልቧን ልስበር እያልኩ እሷ ተከራይ መርጣለች፣ ተማሪዎቹን ሁሉ ጥላለች። ከማን እንደሰማች አልጠየቅኳትም። ቀበሌ ሄጄ መሸኛ ለማውጣት ምን ምን ያስፈልጋል ብዬ ጠይቄ ነበር፣ ጅማ ደሞ ጅማ ነው፣ ባጃጅ ይዤ ቤት ሳልደርስ ወሬው ቀድሞኝ ገብቶ ቡና ጠጥቷል።

ወንድሜን ስነግረው ሞቱን ሳቀ፣ ከዛ የጠየቀኝ ብቸኛ ጥያቄ "ድሬዳዋ ከተማን ልትደግፊ ነው?" የሚል ነው። ወይ ጣጣ። እኔ የአባ ጅፋር ልጅ ነኝ፣ በ2010 ባደግንበት ዓመት ፕሪሚየር ሊጉን ስንበላ ድምፄ ሙሉ በሙሉ ተዘግቶ እንደነበር ታስታውሳላችሁ፣ አይ ያኔ ፖድካስቱ አልነበረም፣ ቢሆንም። ከዛ በኋላ ስላለው አናወራም። በሰፈሬ የሚያዝን ሰው አጣሁ ነው የምላችሁ።

እና ምን ብዬ አሰብኩ፣ እማ ራሷ መጥታ የቀረች ሰው ናት አይደል። ከዳውሮ። አክስቷ ጋ ልትኖር ጎጀብን ተሻግራ በልጅነቷ ነው የመጣችው፣ ያኔ ዳውሮም ጅማም አንድ ከፋ ክፍለ ሀገር ነበር፣ ዋና ከተማውም ጅማ፣ ስለዚህ ሴትየዋ ከክፍለ ሀገሯ አልወጣችም፣ ወደ ዋና ከተማዋ ነው የመጣችው። ከዛ በ1987ቱ ህገ መንግስት ጅማ ኦሮሚያ፣ ዳውሮ ደቡብ ሆኑ። ከዛ ደሞ በ2014 ደቡብ ምዕራብ ሲመሰረት ዳውሮ ወደዛ ሄደ። እሷ ከዚህ ግቢ ሳትነቃነቅ የተወለደችበት ቦታ ሁለቴ አድራሻ ቀየረባት ማለት ነው። እኔ ደሞ ከክልል ወጥቼ ወደ ክልል እንኳን አይደለም የምሄደው፣ ድሬ ክልል አይደለችም፣ ለፌደራል ተጠሪ የሆነች ከተማ አስተዳደር ናት። ምን ልል ነበር? እ... እሷ ስትመጣ ማን ለመናት? እሺ ሂጂ ነው የተባለችው፣ ወይ እሱም አልተባለች። ምናልባት ለሷ መሄድ ማለት እንደዛ ነው፣ ሰው ይሄዳል፣ ክፍሉ ሰው ይገባበታል። ምናልባት። ግን እንደዛ ከሆነ ስለማይወጣ ቁምሳጥን ለምን ትጠይቀኛለች? ወይ ደሞ እንዲሁ አፏ ላይ የመጣላትን ነው ያለችው፣ እኔ ነኝ ትርጉም የምፈልግለት።

ድሬን ግን ወድጃታለሁ፣ እሱን አልክድም። ለኢንተርቪው የሄድኩ ጊዜ፣ ያን ታሪክ ሰምታችኋል፣ ከዚራ የሚባለውን ሰፈር ዛፎች፣ ባቡር በ1895 ደርሶ የቆረቆራት ከተማ ምናምን እያልኩ ሰው ሁሉ እስኪሰለቸው አውርቻለሁ። ቀትር ላይ ከሆቴል ወጥቼ ሱቁ ሁሉ ዝግ፣ ሰው የለም፣ ምን ተፈጥሮ ነው ብዬ ደንግጬ ተመለስኩ፣ ለካ ሰዉ ሙቀቱ እስኪበርድ ተኝቷል ወይ ቅሟል። እዚህ ጫማዬ አልጋ ስር ይሻግታል፣ እዛ ያጠብኩት ሸሚዝ ፊቴን ታጥቤ ሳልጨርስ ደረቀ። ኦሮምኛዬንም ሳቁበት፣ የጅማ ነሽ አሉኝ ወዲያው፣ በፍቅር ነው ግን።

ከዛ የባጃጁ ልጅ ደቻቱን አሳየኝ። ይሄ ወንዝ ነው አለኝ፣ እኔ የማየው አሸዋ ነው፣ ሰው በእግሩ ያቋርጠዋል። ቀልድ መስሎኝ "ውሃው የት ሄደ?" ስለው በ1998 ክረምት በሌሊት መጥቶ ከ200 ሰው በላይ ወሰደ አለኝ። ሌላ ምንም አልጨመረም፣ እኔም አልጠየቅኩትም፣ ሂሳቤን ከፍዬ ወረድኩ። ይሄን ለእማ አልነገርኳትም። ለምን አሁን እንደነገርኳችሁም አላውቅም፣ ፖድካስቱን ደሞ አትሰማም፣ የምትነግሯት ካላችሁ ግን... ተዉ።

እሺ፣ ትላንት። ትላንት ነርሷ ክፍሉን ልታይ መጣች። ልጠላት ዝግጁ ነበርኩ፣ ሙሉ ዝግጅት። ልጅቷ ግን ጥሩ ናት በቃ፣ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ነው የገባችው፣ ቁምሳጥኑን በእጇ ነካ ነካ አድርጋ "ዋንዛ ነው አይደል?" አለች፣ እማ ፈገግ። እኔ ዋንዛ መሆኑን በልጅነቴ ተነግሮኝ ነው የማውቀው! "መቼ ነው የምትለቂው?" አለችኝ፣ በትህትና፣ እኔም "በወሩ መጨረሻ" አልኳት። የስራውን ደብዳቤ ገና አልፈረምኩም እኮ። መሸኛውንም አላወጣሁም። ከአፌ ነው የወጣው፣ እማ ደሞ እዛው ቆማ ምንም አላለችም፣ እንደገና ምንም።

ከዛ ልጅቷ ጣራውን አየት አድርጋ "ያፈሳል እንዴ?" አለች። "ኧረ አያፈስም" አልኳት።

ያፈሳል እኮ! በመስኮቱ በኩል፣ ባልዲውን ታውቁታላችሁ። ለምን እንደዛ እንዳልኩ... እንድትገባልኝ ፈልጌ ነው? ወይስ ቤታችንን እንዳትንቅ? ወይ ደሞ እማ ፊት፣ እማ ኪራዩ እንዳይቀርባት ብዬ፣ አላውቅም፣ እውነት አላውቅም። ደውዬ ልነግራት ይገባል፣ ሰው ነች፣ አልጋዋን እዛ ጋ ብትዘረጋው። ቁጥሯ ግን እማ ጋ ነው ያለው፣ እማን ልጠይቃት ደሞ "ለምን ፈለግሽው?" ትላለች፣ ያፈሳል ልላት ነው ስላት ደሞ "ታዲያ አትሄጂም?" የምትለኝ ይመስለኛል፣ ከዛ እኔ ምን... ቆይ፣ ባትሪው ቀይ ሆኗል፣ እና ምን ልል ነበር፣ ማለቴ እንደዛ ብትለኝ እኮ...