«በዚህ ሳምንት መሥራት ትችይ ነበር?» (በዋሽንግተን ዲሲ ለኢትዮጵያውያን ነዋሪዎች የተዘጋጀ ንግግር)

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፣ እንደምን አመሻችሁ። ከሥራ በቀጥታ የመጣችሁ እንዳላችሁ ከዩኒፎርማችሁ አይቻለሁ። ስለዚህ ብዙ አላቆያችሁም።

ዛሬ የማወራው ሁላችንም «አንኢምፕሎይመንት» ስለምንለው፣ ሰው ሥራው ሲቆም ስለሚያገኘው ክፍያ ነው። የአካባቢ መንግሥት እንዴት እንደሚያግዘን፣ የት ላይ ደግሞ እጁ እንደሚያጥር። ባለሥልጣን አይደለሁም። ቅዳሜ ቅዳሜ ሰው ፎርም ሲሞላ አጠገቡ የምቀመጥ ሰው ነኝ። የማውቀውም ከዚያ ወንበር ላይ ሆኜ ያየሁትን ነው።

ብዙ ሰው ወደ እኔ የሚመጣው አንገቱን ደፍቶ ነው። «እጄን ለማንም ዘርግቼ አላውቅም» ይለኛል። ወገኖቼ፣ ይሄ ኢንሹራንስ ነው። ሥርዓቱ የተዘረጋው በ1935 በፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ዘመን በወጣው የሶሻል ሴኩሪቲ ሕግ ነው። አሠሪው ለእያንዳንዱ ሠራተኛ ግብር ይከፍላል። ዲሲ ውስጥ ይህ ግብር የሚሰላው በሠራተኛው የዓመት ደመወዝ የመጀመሪያ 9,000 ዶላር ላይ ነው። ፓርኪንግ ውስጥ ቆማችሁ መኪና ስታስገቡ፣ ሆቴል ውስጥ አልጋ ስታነጥፉ፣ በእናንተ ምክንያት ያ ገንዘብ ሲከፈል ነበር። መኪናችሁ ተገጭቶ ኢንሹራንስ ስትጠይቁ ታፍራላችሁ እንዴ?

ዲሲ ለየት ያለች ቦታ ናት። ከተማም ናት፣ እንደ ግዛትም ትሠራለች። ማመልከቻውን የሚቀበለውም፣ ክፍያውን የሚወስነውም የራሷ የሥራና ሠራተኛ መሥሪያ ቤት ነው። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ግን የሚወስነው ግዛቱ ነው። ካውንቲው፣ ማለትም በግዛቱ ሥር ያለው የአካባቢ አስተዳደር፣ ሊያግዛችሁ ይችላል። ለምሳሌ የሜሪላንዱ ሞንጎመሪ ካውንቲ ዊተን ላይ የጊልክሪስት የስደተኞች ማዕከል አለው። ቼኩን የሚቆርጠው ግን ካውንቲው አይደለም።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ይኖራል፣ ዲሲ ሆቴል ይሠራል፣ ሥራው ሲቆም ሜሪላንድ ያመለክታል። የሚታየው የምትኖሩበት ሳይሆን የሠራችሁበት ቦታ ነው። ሁለቱም ጋ ከሠራችሁ ስታመለክቱ ተናገሩ፤ የሁለቱን ደመወዝ አጣምሮ ማስላት ይቻላል። ዲሲ በሳምንት ቢበዛ 444 ዶላር ትከፍላለች፣ እስከ 26 ሳምንት። ታክስ እንዳለበትም አትርሱ። ጃንዋሪ ላይ የታክስ ወረቀቱ ሲመጣ የሚደነግጥ ሰው በየዓመቱ አያለሁ።

ኡበርና ሊፍት የምትነዱ ወንድሞች፣ ለእናንተ ዜናው ጥሩ አይደለም። በኮቪድ ጊዜ፣ በ2020፣ የፌዴራሉ መንግሥት በራሱ ለሚሠራ ሰውም በሩን ከፍቶ ነበር። ያ በር በ2021 ሴፕቴምበር ላይ ተዘግቷል። አሁን መደበኛው ክፍያ የሚመለከተው በአሠሪ የተቀጠረውን፣ ደብሊው ቱ የሚባለውን የዓመት ደመወዝ ወረቀት ከአሠሪው የሚያገኘውን ነው። ዛሬም «የኮቪዱ የት ሄደ?» የሚለኝ አለ።

ወደ ቋንቋው ልምጣ። ዲሲ በ2004 የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አውጥታለች። እንግሊዝኛ ለሚያስቸግረው ሰው የከተማው መሥሪያ ቤቶች አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ አለባቸው። አንድን ቋንቋ የሚናገሩት ከተገልጋዩ 3 በመቶ ወይም 500 ሰው፣ ከሁለቱ ያነሰውን ከሞሉ ደግሞ ዋና ዋና ሰነዶች በዚያ ቋንቋ ይተረጎማሉ። በከተማው ድረ ገጾች ላይ አማርኛ የምታዩት ለዚህ ነው።

ስልክ ስትደውሉ «አማሪክ» በሉና ጠብቁ። ዝም ሲል የተቋረጠ ይመስላችኋል። አስተርጓሚ እየፈለጉላችሁ ነው፤ አትዝጉት። ልጆቻችሁንም አስተርጓሚ አታድርጉ። የ12 ዓመት ልጅ «ሚስኮንዳክት»፣ ማለትም በሥራ ላይ የተፈጸመ ጥፋት፣ ምን እንደሆነ ከየት ያውቃል?

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ። የማን እንደሆነ፣ የየትኛው ግዛት ጉዳይ እንደሆነ ይቅር። አንዲት እህታችን የሳምንቱን ክሌም፣ ክፍያው እንዲመጣ በየሳምንቱ የሚሞላውን ፎርም፣ ብቻዋን በስልኳ ሞላች። ጥያቄው በአማርኛ ነበር፦ «በዚህ ሳምንት መሥራት ትችይ ነበር?» ቆም ብላ አሰበች። ስድስት ቦታ ጠይቃለች፣ አንዱም መልሶ አልደወለላትም። «ሥራ በሌለበት እንዴት አድርጌ ነው የምችለው?» አለችና «አልችልም» የሚለውን ተጫነች። በቃ። እዚያኛው ጫፍ የተነበበው «መሥራት አትችልም» ተብሎ ነው። ክፍያው ሦስት ሳምንት ቆመ።

ጥያቄው የፈለገው ሌላ ነበር። ጤነኛ ነሽ ወይ? ነገ ሥራ ቢገኝ ትገቢያለሽ ወይ? ትርጉሙ ቃል በቃል ልክ ነው፣ ስህተት አይወጣለትም። ግን አጠገቧ አንድ ሰው ቢኖር ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም ነበር።

ሌላው ደግሞ ከሥራ የወጣችሁበት ምክንያት ነው። አንድ ወንድማችንን ሆቴሉ እንግዳ ቀነሰብኝ ብሎ አሰናበተው። ፎርሙ ላይ ግን «በፈቃዴ ለቀቅኩ» ብሎ ሞላ። ለምን ስለው «ተባረረ እንዲባልልኝ አልፈልግም» አለኝ። በፈቃዱ የለቀቀ ሰው በቂ ምክንያት ካላቀረበ ይከለከላል። ኩራት ለሠርግ ቤት ነው፣ ፎርም ላይ አታስገቡት። ሌይ ኦፍ፣ ማለትም ሥራ ቀንሶ ማሰናበት፣ ከሆነ ሌይ ኦፍ በሉ።

እንግዲህ ከከተማው አስተዳደር የመጣችሁ ካላችሁ ይህን ስሙኝ። የተተረጎመው ወረቀት ደርሶናል፣ እናመሰግናለን። የጎደለው ሰው ነው። የሥራ ማዕከላት አሏችሁ። ቤተ መጻሕፍቱ ነፃ ኮምፒውተር አለው። የከንቲባ ጽሕፈት ቤቱ ከ2006 ጀምሮ የአፍሪካውያን ጉዳዮች ቢሮ አለው። ሦስቱ በአንድ ጠረጴዛ ይገናኙ። በሳምንት አንድ ምሽት፣ አማርኛ የሚናገርና የፎርሙን ጠባይ የሚያውቅ አንድ ሰው አስቀምጡልን። ምሽት ያልኩት ቀን ቀን ሥራ ፍለጋ ላይ ስለሆኑ ነው፤ ሥራ መፈለግ ደግሞ የእናንተው ደንብ ነው።

የመጨረሻው ነገር ይግባኝ ነው። «አይገባህም» የሚል ደብዳቤ ሲመጣ ብዙ ሰው መሳቢያ ውስጥ ይከተዋል። ዲሲ ላይ ይግባኝ ለማለት ያላችሁ 15 ቀን ነው። የሚቆጠረው ደብዳቤው ከተላከበት ቀን እንጂ እናንተ ከከፈታችሁበት ቀን አይደለም። ጉዳዩን የሚያየው የአስተዳደር ችሎቱ ነው፤ እዚያም አስተርጓሚ በነፃ አለ። ይግባኙ እስኪታይ የየሳምንቱን ክሌም መሙላት አታቁሙ። ካቆማችሁ ብታሸንፉም ያልሞላችሁት ሳምንት ይቀርባችኋል።

አሁን ሻይ አለ። ደብዳቤ የያዛችሁ ግን ሻዩን ትታችሁ ቀጥታ በሩ አጠገብ ወዳለው ጠረጴዛ ኑ፣ እኔ እዚያ ነኝ። ያልተከፈተ ፖስታ የያዘም ይምጣ። አብረን እንከፍተዋለን፣ መጀመሪያ የምናየውም ቀኑን ነው።