ራዳር ሳይመጣ በፊት አውሮፕላንን በጆሮ

ጥያቄ፦ «ፌስቡክ ላይ የጃፓን ወታደሮች ጎማ ባላቸው ግዙፍ ጥሩምባዎች አጠገብ የቆሙበት ፎቶ አየሁ። እውነት ነው ወይስ የተቀነባበረ?» (ከአዳማ)

መልስ፦ እውነት ነው ወንድሜ። በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ንጉሠ ነገሥት ሂሮሂቶ መሣሪያዎቹን ሲጎበኙ የተነሳ ነው። ጥሩምባዎቹ ግን አይነፉም፤ ማዳመጫ ናቸው። ራዳር ባልነበረበት ዘመን፣ በጨለማና በደመና ውስጥ የሚመጣ የጠላት አውሮፕላን የሚታወቀው በሞተሩ ድምፅ ነበር። እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጀርመንም የየራሳቸው ነበራቸው።

ጥያቄ፦ «ጥቅሙ ድምፁን ማጉላት ብቻ ነው?» (አንዲት እናት ከጎንደር)

መልስ፦ አይደለም እናቴ፣ ዋናው አቅጣጫ መለየቱ ነው። ድምፅ ከቀኝ ሲመጣ ቀኝ ጆሮዎ በጣም በትንሹ ቀድሞ ይሰማዋል። አንጎል አቅጣጫውን የሚያውቀው በዚያች ልዩነት ነው። በሁለት ጆሮዎቻችን መካከል ያለው ርቀት ግን 20 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው። ጥሩምባዎቹ በሜትር ተራርቀው ሲተከሉ ልዩነቱ ይሰፋል። አዳማጩ ድምፁ በሁለቱም ጆሮ እኩል እስኪሰማው ድረስ መሣሪያውን ያዞራል። ብዙዎቹ ሌላ አዳማጭም ነበራቸው፤ እሱ ከላይና ከታች በተተከሉ ጥሩምባዎች ከፍታውን ይለካል። ከዚያ የፍለጋ መብራቱ ወደዚያ ይዞራል።

ጥያቄ፦ «እንግሊዝ ውስጥ ዲሽ የሚመስል ኮንክሪት አለ ይባላል። እሱስ?» (ከሐዋሳ)

መልስ፦ አለ፣ ሥራውም ከዲሽ ጋር ይመሳሰላል። ኬንት ውስጥ ዴንጅ በሚባል ቦታ ሦስቱ እስከ ዛሬ ቆመዋል። የመጀመሪያው በ1928 የተሠራ ሲሆን ስፋቱ 6 ሜትር ገደማ ነው። ሁለተኛው 9 ሜትር፣ ሦስተኛው 61 ሜትር ርዝመት ያለው ጎባጣ ግድግዳ ነው። ምርምሩን የመራው ዊሊያም ታከር ነበር። ድምፁ ኮንክሪቱ ላይ ነጥሮ አንድ ቦታ ይሰበሰባል፤ እዚያ ሰው ወይም ማይክሮፎን ይጠብቀዋል። በትልቁ ግድግዳ አየሩ ሲመች ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ የራቀ አውሮፕላን ይሰማ ነበር። ማልታ ላይም ወደ ሲሲሊ የዞረ አቻው አለ።

ጥያቄ፦ «ይህን ያህል ከሠራ ለምን ተዉት?» (ከደሴ)

መልስ፦ አውሮፕላኑ ፈጠነባቸዋ! እስቲ እናስላው። ድምፅ 30 ኪሎ ሜትር ለመጓዝ 90 ሴኮንድ ገደማ ይፈጅበታል። በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር የሚበር አውሮፕላን በዚያ ጊዜ 4 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀርባል፤ አሁንም አሥር ደቂቃ ገደማ አለህ። ፍጥነቱ 400 ሲሆን ግን 10 ኪሎ ሜትር ይቀርባል፤ የሚቀርህ ሦስት ደቂቃ ነው። በሦስት ደቂቃ ተዋጊ አውሮፕላን አስነስተህ የት ልትደርስ? ነፋሱና የመርከብ ጫጫታውም ሌላ ጣጣ ነው።

በየካቲት 1935 የብሪታንያ ተመራማሪዎቹ ሮበርት ዋትሰን ዋት እና አርኖልድ ዊልኪንስ እንግሊዝ ውስጥ ካለችው ከዴቨንትሪ ከተማ አቅራቢያ፣ ከቦምብ ጣይ አውሮፕላን ላይ ነጥሮ የተመለሰ የሬዲዮ ሞገድ ተቀበሉ። የራዳር መነሻ ይህ ነው። ሞገዱ በብርሃን ፍጥነት ስለሚሄድ ኮንክሪቱ እዚያው አበቃለት። ያልተጣለው የአሠራር ልምዱ ነው፤ ከየጣቢያው ወሬ በስልክ ወደ አንድ ማዕከል መላክን ራዳሩም ወርሶታል።

ጥያቄ፦ «ለንደን ነኝ፣ ሄጄ ማየት እችላለሁ?»

መልስ፦ ትችያለሽ እህቴ፣ ግን በፈለግሽው ቀን አይደለም። ቦታው በውሃ የተከበበ የአእዋፍ ጥበቃ ክልል ነው፤ ድልድዩ ለጎብኚ የሚከፈተው በተወሰኑ ቀናት ብቻ ነው። ከሩቅ ግን ሁልጊዜ ይታያል።