የኮታ ደብተር፦ ዝም በል የሚል አገዛዝና አጨብጭብ የሚል አገዛዝ

(ደሴ ላይ ከተቀረጸ ውይይት የተገለበጠ)

መሠረት፦ እንደምን አላችሁ። ደሴ ላይ ስለ አምባገነንነት ወሬ ሲነሳ የማይቀር ጥያቄ አለ፤ «ከንጉሡና ከደርግ የቱ ይከፋል?» ሰይድ፣ ይኼ ጥያቄ መንገድ ያስታል ትል ነበር።

ሰይድ፦ አዎ፣ የጭካኔን መጠን ብቻ ስለሚመዝን። አሠራራቸው ነው የሚለያየው። የፖለቲካ ሳይንስ ምሁሩ ሁዋን ሊንዝ እ.ኤ.አ. በ1964 ስለ ጄኔራል ፍራንኮ ስፔን ሲጽፍ መለያውን አስቀምጦልናል። አምባገነን አገዛዝ ሕዝቡ ቤቱ ቢቀመጥለት ይመርጣል። ቤተ እምነቱም፣ ነጋዴውም፣ ባለመሬቱም ሥልጣኑን እስካልነኩበት ድረስ በየጥጋቸው ይኖራሉ። ቶታሊቴሪያን ወይም ጠቅላይ የምንለው ግን ዝምታህ አይበቃውም። ሰልፍ ውጣ፣ መፈክር አሰማ፣ ጎረቤትህን ሂስ፣ ከዚያ ደግሞ ግለ ሂስ አድርግ ይልሃል።

መሠረት፦ «ቶታሊቴሪያን» የሚለው ቃል መጀመሪያ ክስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1923 ጣሊያናዊው ጆቫኒ አሜንዶላ ፋሽስቶቹን ሊያወግዝበት ተጠቀመበት፤ ሙሶሊኒ ደግሞ ተቀብሎ መኩሪያው አደረገው። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ደሴን በቦምብ የደበደቡት አውሮፕላኖች የዚሁ ሰው ናቸው።

ሰይድ፦ ልዩነቱን በአንድ አገር ልይ ለሚል ከወሎ የተሻለ ቦታ የለም። በ1965 እና በ66ቱ ረሃብ የንጉሡ መንግሥት ምን አደረገ? ደበቀ። ስሙ እንዳይነሳ፣ ወሬው እንዳይወጣ። ገበሬው በያለበት ያልቃል፣ ቤተ መንግሥቱ ዝም ይላል። በ1977ቱ ረሃብም መደበቅ ነበረ፤ መስከረም ላይ የአብዮቱ አሥረኛ ዓመትና የገዢው ፓርቲ የኢሠፓ ምሥረታ ሲከበር ስለ ረሃቡ ብዙ ማውራት አልተፈለገም። ደርግ ግን እዚያ ላይ አልቆመም። የተራበውን ሕዝብ የዕቅድ ቁጥር አደረገው። በሰፈራ ፕሮግራም አንድ ዓመት ከምናምን ውስጥ ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሰው ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ተጓጓዘ፤ ከሁሉ የበዛው ከወሎ ነው።

መሠረት፦ እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ምክንያቱም የነገሩ ሞተር ኮታው ነው። ከላይ ቁጥር ይወርዳል፣ አውራጃው ለወረዳ ያከፋፍላል፣ ወረዳው ለገበሬ ማኅበር። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ፈቃደኛ ካላገኘስ? ቁጥሩ አይቀነስለትም። ስለዚህ ያልወደደውን ይጽፋል፣ የተጣላውን ይጽፋል፣ አንዳንድ ቦታ ገበያ የወጣ ሰው ከገበያው ታፍሶ ተጫነ። ባልና ሚስት፣ እናትና ልጅ የተለያዩት እንዲህ ነው። ሊቀ መንበሩ ክፉ ሰው መሆን አይጠበቅበትም፤ የጎደለ ቁጥር የሚያስጠይቀው እሱን መሆኑን ማወቁ ይበቃል።

ሰይድ፦ የዚህን አሠራር የመጨረሻ ጥግ ማየት የሚፈልግ ሰው የሶቭየትን ትዕዛዝ ቁጥር 00447 ይመልከት። እ.ኤ.አ. ጁላይ 30 ቀን 1937 የስታሊን የምሥጢር ፖሊስ አለቃ የዦቭ የፈረመው ነው። ሁለት ዓምድ አለው። «አንደኛ ምድብ» የሚረሸን፣ «ሁለተኛ ምድብ» ከ8 እስከ 10 ዓመት የሚታሰር። ለየክፍለ ሀገሩ ቁጥር ተሰጥቷል፤ ሲደመር 75,950 ለጥይት፣ 193,000 ለእስር። ስም የለም፣ ቁጥር ብቻ! ስሙን የሚሞላው የየአካባቢው ኃላፊ ነው፤ ፍርዱን የሚሰጠው ደግሞ ሦስት ሰው የተሰየመበት ኮሚቴ፣ ተከሳሹ በሌለበት።

መሠረት፦ ቁጥሩ ደግሞ እዚያ አልቆመም።

ሰይድ፦ አልቆመም፤ በዚያ ትዕዛዝ የተረሸነው ከ380 ሺህ በላይ ሆነ። ለምን መሰለሽ? ያጎደለ «ለጠላት የራራ» ይባላል፣ ያበለጠ ግን አይጠየቅም። ስለዚህ ኃላፊዎቹ «ተጨማሪ ኮታ ይፈቀድልን» እያሉ ወደ ሞስኮ ይጽፉ ነበር፤ ይፈቀድላቸዋልም። የተያዘው ሰው ተደብድቦ ሌላ ስም ይጠራል፣ የተጠራው ስም የነገ ዝርዝር ይሆናል። ያቆመው ራሱ ከላይ የመጣ ሌላ ትዕዛዝ ነው፣ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 1938 ላይ። የዦቭም እ.ኤ.አ. በ1940 ተረሸነ።

መሠረት፦ እኛ ጋ በሰፈር ደረጃ ይኼን ሥራ የሚይዘው ቀበሌ ነበር። አመጣጡ የሚገርም ነው፤ የተወለደው ከቤት ጉዳይ ነው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን ወረሰ። ወርኃዊ ኪራዩ ከ100 ብር በታች የሆነው ቤት ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ ያለው ለኪራይ ቤቶች ሆነ። የድሃው ኪራይ በእርግጥ ወርዷል፤ ይኼን መካድ ታሪክ መደበቅ ነው። ደሴም ብትሉ ኮምቦልቻ «የቀበሌ ቤት» የሚለው ስም እስከ ዛሬ የቆየው ከዚያ ነው።

ሰይድ፦ ግን ቀጥሎ ምን እንደተደራረበ ቁጠሪ። ቤቱ ከቀበሌ። ስኳሩ፣ ዘይቱ፣ ሳሙናው ከቀበሌው ኅብረት ሱቅ፣ በካርድ። መታወቂያው ከቀበሌ፣ ከከተማ መውጫ የይለፍ ወረቀቱም ከዚያው። የፍርድ ሸንጎው ቀበሌ ውስጥ፣ እስር ቤቱም ቀበሌ ውስጥ፣ ጠመንጃ የያዘው የአብዮት ጥበቃ ጓድም የቀበሌ። እነዚህ በየመሥሪያ ቤቱ ተበታትነው ቢሆን አንዱ ቢያስከፋሽ ወደ ሌላው ትሄጃለሽ። አንድ ጠረጴዛ ላይ ሲሰበሰቡ ግን ከሊቀ መንበሩ የተጣላ ሰው በአንድ ቀን ቤትም፣ ስኳርም፣ መንገድም ያጣል። በ1969 እና 70 ቀይ ሽብር ያን ያህል ፍጥነት ያገኘው ይኼ ጠረጴዛ ቀድሞ ስለተዘረጋ ነው ብዬ አምናለሁ።

መሠረት፦ ስብሰባውንም ጨምርበት። መቅረት ይመዘገባል። እዚያ ነው ደራሲያን ከታሪክ ጸሐፊ ቀድመው የገቡት። የጆርጅ ኦርዌል «1984» የተባለው ልብ ወለድ ላይ ዋናው ገጸ ባሕርይ ዊንስተን ተሰቃይቶ መናዘዙ አይበቃም፤ ሁለት ሲደመር ሁለት አምስት ነው ብሎ ከልቡ እንዲቀበል ይፈለጋል። ይኼ ከባዶ የመጣ ፈጠራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1931 የአምስት ዓመቱን ዕቅድ በአራት ዓመት ለመጨረስ የወጣ የሶቭየት ፖስተር ላይ ሁለት ሲደመር ሁለት፣ የሠራተኛው ጋለ ስሜት ሲታከልበት፣ አምስት ነው የሚል ስሌት ታትሟል። እንደገና ኮታ!

ሰይድ፦ የእኛዎቹን ሁለቱን ብናስተያይ ደስ ይለኛል። አቤ ጉበኛ «አልወለድም»ን በንጉሡ ዘመን ጻፈ፤ ከማኅፀን ሆኖ አልወለድም የሚል ሕፃን። መጽሐፉ ታገደ። አቤ ከውጭ ሆኖ የሚጮህ ድምፅ ነው። በዓሉ ግርማ ግን ከውስጥ ነው የጻፈው። ማስታወቂያ ሚኒስቴር የሠራ፣ በኤርትራ አማፂዎች ላይ የተከፈተውን የቀይ ኮከብ ዘመቻ አሥመራ ሄዶ ያየ ሰው ነው። «ኦሮማይ» የተባለው ልብ ወለዱ በ1975 ዓ.ም. የታተመው በመንግሥት አሳታሚ ድርጅት በኩራዝ ነው። ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ፣ በዓሉ ከሥራው ተባረረ፣ የካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ ቀረ።

መሠረት፦ ለምን ያን ያህል አስቆጣ? መጽሐፉ ተቃዋሚን ጀግና አያደርግም። ዋናው ገጸ ባሕርይ ጸጋዬ ራሱ የፕሮፓጋንዳ ኃላፊ ነው። አንባቢው የሚያየው ዕቅዱ ከስብሰባ አዳራሽ ወጥቶ የአማፂዎቹ ምሽግ በሆነው ናቅፋ ተራራ ላይ ሲሰበር ነው። ዝም በል የሚል አገዛዝ ስድብ ያስቆጣዋል፤ አጨብጭብ የሚል አገዛዝ ግን ከአጨብጫቢዎቹ መካከል አንዱ እጁን ሲያወርድ ነው የሚደነግጠው። በዓሉ እጁን አወረደ።

ሰይድ፦ ጭብጨባው የእውነት እንዳልነበረ ደግሞ በ1982 ዓ.ም. የካቲት መጨረሻ ታየ። መንግሥቱ ኃይለማርያም ቅይጥ ኢኮኖሚ አወጁ፤ ገበሬው ለመንግሥት በግዴታ የሚሸጠው የእህል ኮታ ቀረ፣ መሬትና በሬ በጋራ የሚያዝበት የአምራቾች ማኅበር በፈቃድ ሆነ። ለዓመታት በሪፖርት ሲሞገሱ የነበሩት ማኅበራት በሳምንታት ውስጥ ፈረሱ። ገበሬው በሬውን ተከፋፈለ፣ መሬቱን ተከፋፈለ፣ በመንደር ምሥረታ የተሰበሰበው ቤቱን አፍርሶ እንጨቱን ተሸክሞ ወደ ድሮ ቀዬው ተመለሰ።