ልስን ሠሪው ከንቲባ

እንደምን አመሻችሁ!

ቅድም በር ላይ አንድ ልጅ ሰላም አለኝና «ምን እየተማርክ ነው?» አልኩት። «ኧረ ጋሼ፣ ልስን ነው» አለኝ፣ ጥፋት ያለበት ይመስል። እኔ ደግሞ ኪሴ ውስጥ ያለው ወረቀት ስለ አንድ ልስን ሠሪ ነው!

እዚህ ጀርመን፣ ብሬመን ከተማ ውስጥ የቬዘርን ወንዝ ስትሻገሩ በቪልሄልም ካይዘን ድልድይ አልፋችሁ ይሆናል። አገር ቤት በየመሥሪያ ቤቱ ስብሰባ ያስቀመጠን የጃፓኑ ካይዘን አይደለም፤ ይሄኛው ሰው ነው። በ1887 ሃምቡርግ ተወለደ፤ ዓመቱን በፈረንጅ ነው የምቆጥረው። ሙያው የልስንና የጂብሰም ጌጥ ሥራ ነበር። የሞከራችሁት ታውቁታላችሁ፤ ኮርኒስ ስትሠራ አንገትህ ይቀራል፣ ጂብሰሙ ደግሞ አይጠብቅህም። ቀስ ልበል ካልክ ባልዲው ውስጥ ድንጋይ ይሆናል።

በ1913 ፓርቲው፣ ሶሻል ዴሞክራቱ፣ በርሊን ወዳለው ትምህርት ቤቱ ላከው። ካስተማሩት አንዷ ታዋቂዋ አብዮተኛ ሮዛ ሉክሰምበርግ ነበረች። እዚያው ሄሌነ የምትባል የብሬመን ልጅ ተዋወቀ፤ ኋላ ተጋቡ። ብሬመን ያመጣችው እሷ ናት ብል አላጋነንኩም። በ1928 የከተማዋ የማኅበራዊ ጉዳይ ሴናተር ሆነ፤ እዚያ ሴናተር ማለት የከተማዋ መንግሥት ሚኒስትር ነው። በ1933 ናዚዎች ሲመጡ ከሥራው አባረሩት፣ አሰሩትም። ሲፈታ ከከተማው ዳር፣ ቦርግፌልድ፣ ቁራሽ መሬት ይዞ ገበሬ ሆነ። ዓመታት አለፉ።

በ1945 ጦርነቱ ሲያልቅ የብሬመን መኖሪያ ቤት ከግማሽ በላይ ፈርሷል። ድልድዮቹን የጀርመን ጦር ራሱ አፈንድቷቸዋል። አሜሪካኖች እርሻው ድረስ ሄደው ጠሩት፤ በኦገስት ከንቲባ አደረጉት። ጊዜያዊ ድልድዮች ተሠሩ። በማርች 1947 ደግሞ ወንዙ የተሸከመው የበረዶ ግግር ጠራርጎ ወሰዳቸው። ሀ ተብሎ እንደገና።

እኔን ግን ከድልድዩ ይልቅ የሚገርመኝ ሌላ ነው። ሰውየው የሠራተኛ ፓርቲ ሰው ሆኖ ሳለ ነጋዴዎቹን ወደ ከተማዋ መንግሥት አስገባ። ብሬመን የወደብ ከተማ ናት፤ መርከብ ካልመጣ እንጀራ የለም። እሺ፣ ያን ጊዜ ችግር ነበር እንበል። በ1955 ግን ፓርቲው ከምክር ቤቱ ወንበር ከግማሽ በላይ አገኘ። ማንንም ሳይለምን ብቻውን መግዛት ይችል ነበር። አላደረገውም! ተቀናቃኞቹን በየቦታቸው አቆያቸው። ከገዛ ፓርቲው መሪ ከኩርት ሹማኸር ጋርም በአውሮፓ ጉዳይ ተጋጭቶ ያውቃል። ስለዚህ ይሉኝታ ይዞት ነው እንዳትሉኝ።

20 ዓመት በከንቲባነት ቆየ። በ1965፣ በ78 ዓመቱ፣ ለቀቀ። ያን ሁሉ ዘመን ጠዋት ወደ ማዘጋጃ ቤት ይሄዳል፣ ማታ ቦርግፌልድ እርሻው ይገባል። ጡረታ ሲወጣ ታዲያ ቤት መቀየር እንኳ አላስፈለገውም።

አመሰግናለሁ።