ክፍል 41፦ ዳገት አለው?

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ... ዶሮው ይሰማችኋል አይደል፣ ያው እሱው ነው፣ እስከ ፋሲካ አለ እንግዲህ፣ ከዛ በኋላ እማ ናት የምታውቀው።

እሺ። ከየት ልጀምረው... ዛሬ ስለ ኒንቴንዶ ዳይሬክቱ፣ የጌም ኩባንያው ኒንቴንዶ አዳዲስ ጌሞቹን ስለሚያሳይበት ቪዲዮ ላወራ ነበር፣ ባለፈው ቃል ገብቼላችኋለሁ፣ ወረቀት ላይ ሁሉ ጽፌዋለሁ፣ ይኸው ፊቴ ነው፣ ማሪዮ ካርት፣ ዶንኪ ኮንግ፣ ሜትሮይድ እያልኩ። ግን ከረቡዕ ጀምሮ ጭንቅላቴ ውስጥ እየተመላለሰ እንቅልፍ የነሳኝ ነገር ወረቀቱ ላይ የለም። እና እስኪ እያወራሁ እደርስበታለሁ። ካልደረስኩም... እንግዲህ።

ዳይሬክቱ ረቡዕ መጋቢት 24 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው የተለቀቀው፣ በኛ ከቀኑ 10 ሰዓት። ፔዳ አካባቢ ያለችው ካፌ ሄጄ፣ ያችኛዋ፣ ዋይፋይ ያላት፣ አንድ የጾም ማኪያቶ አዝዤ አንድ ሰዓት ሙሉ ተቀመጥኩባት። ጥራቱን ዝቅ አድርጌ ነው ያየሁት፣ እንደዛም ሆኖ መሃል መሃል ላይ እየቆመ ነጭ ክቡ ይዞራል፣ እኔም አብሬው እዞራለሁ። ዳታ ተዘግቶ የከረምንበትን ጊዜ የምታስታውሱ ታውቁታላችሁ፣ ያኔ እንዲህ ያለ ነገር ሰው ፍላሽ ይዞ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ነበር የምንጠብቀው፣ እና ነጭ ክብ ሲዞር ማየትም ለኔ ትልቅ ነገር ነው። ከልቤ ነው።

ስዊች 2፣ አዲሱ የኒንቴንዶ መጫወቻ ማሽን፣ እንግዲህ ግንቦት 28 ይወጣል። ማሪዮ ካርት ወርልድ አብሮት ነው የሚመጣው፣ ሃያ አራት ሰው በአንድ ውድድር ይነዳል፣ በፊት አሥራ ሁለት ነበር፣ መንገዶቹም ተያይዘዋል፣ ከአንዱ ሜዳ ወደ ሌላው እየነዳህ ነው የምትሄደው። ኖክአውት ቱር የሚባል አለ፣ እየነዳችሁ ኋላ የቀረው እየወጣ፣ እየወጣ፣ መጨረሻ ላይ ጥቂት ሰው ብቻ ይቀራል። እሱን በጣም ወድጄዋለሁ። የኛ ጌም ቤት ሕግ ነው እኮ፣ የተሸነፈ ይነሳል።

እና ላሟ! ላም ትነዳለች። በፊት መንገድ ዳር ቆማ ሳር የምትግጥ፣ ስትነዳ ገጭተሃት የምታልፍ ላም ነበረች፣ አሁን ራሷ መኪና ላይ ወጥታለች። ለእማ አሳየኋት። እማ የይልማና ዴንሳ ልጅ ናት፣ ከላም ጋር ነው ያደገችው፣ አይታ አይታ "ምነው ጡቷ ባዶ፣ አልበላችም እንዴ" አለችኝ። መሪ መያዟ አላስደነቃትም፣ አለመብላቷ ነው ያሳሰባት። ከዛ ደግሞ ስለ አያቴ ላም፣ ስለ ቡሬዋ፣ አንድ ሰዓት ነገረችኝ፣ እሱን ሌላ ቀን አወራችኋለሁ፣ ቆንጆ ታሪክ ነው፣ ክፉ ቀን ላይ ነው የተሸጠችው።

ዶንኪ ኮንግ ባናንዛ ሐምሌ 10 ነው። ያገኘውን ሁሉ ይሰባብራል፣ ግድግዳውን፣ መሬቱን፣ እየቆፈረ ወደ ታች ይወርዳል። ደስ ይላል። ሜትሮይድ ፕራይም 4... ይህቺ እንኳ ልቤን ትነካዋለች፣ በፈረንጆቹ 2017 ነው ትመጣለች የተባለችው፣ 2019 ላይ ደግሞ የደረስንበት አልሆነንም፣ ከዜሮ እንጀምራለን አሉ፣ ለሬትሮ ስቱዲዮስ ሰጧት። አስቡት፣ በሰው ፊት ወጥቶ ከመጀመሪያው እንጀምራለን ማለት። አሁን በ2025 ትወጣለች ተብሏል። ሲልክሶንግ የምትባለው ጌምም ብልጭ ብላ አለፈች፣ ከ2019 ጀምሮ የሚጠብቋት አሉ፣ እኔ ራሴ አንዷ ነኝ፣ ሁለት ሰከንድ አይታ ካፌው ውስጥ "ውይ!" ያለችው ሴት እኔ ነኝ። ደስክብለድስ ደግሞ አለ፣ የፍሮም ሶፍትዌር፣ 2026። ሥዕሉ ያስፈራል፣ ገና ብዙ ነገር አልገባኝም።

ዋጋውን ዝግጅቱ ላይ አልተናገሩም። እንዳለቀ ድረ ገጹ ላይ ነው የወጣው፣ 449 ዶላር ከ99 ሳንቲም፣ ማሪዮ ካርት ብቻውን 80 ዶላር ገደማ። በባንክ ምንዛሬ ብትመቱት እንኳ ማሽኑ ብቻ ከ55 ሺህ ብር በላይ ነው። እሱን... እሺ ይሁን፣ እሱን ማታ ማታ አስቤዋለሁ፣ አሁን አልፈዋለሁ።

እና መሃል ላይ አንድ ነገር አሳዩ። ድራግ ኤክስ ድራይቭ ይባላል።

ምን መሰላችሁ... ጆይኮኑ፣ የስዊች መቆጣጠሪያው፣ አሁን እንደ ኮምፒውተር ማውስ ይሠራል፣ በጎኑ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠህ ታንሸራትተዋለህ። እና እዚህ ጌም ላይ ሁለቱንም ነው የምትይዘው፣ አንዱን በቀኝ፣ አንዱን በግራ። ሁለቱንም ወደፊት ስትገፋ ተጫዋቹ ወደፊት ይሄዳል። አንዱን ብቻ ስትገፋ ይዞራል። ተጫዋቹ ዊልቸር ላይ ነው። ቅርጫት ኳስ ነው፣ ሦስት ለሦስት፣ ሄልሜት አድርገው። ኳሱን ስትወረውር እጅህን አንስተህ እንደ ውርወራ ታደርገዋለህ። ያ ነው በቃ። አጭር ነገር ናት፣ ከዛ ወደ ሌላ ጌም አለፉ።

እኔ ግን አላለፍኩም። ቪዲዮውን አቆምኩት። ማኪያቶዬን ገፋ አድርጌ ሁለቱን እጄን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ፣ እንዲህ... ገፋሁ። ያቺን አስተናጋጇን "ምን ጠፋሽ?" አስባልኳት። ምንም አልጠፋኝም። እጁን ነው ያየሁት። የአያን እጅ፣ የታላቅ ወንድሜን።

አያን ታውቁታላችሁ፣ ክፍል 12 ላይ ድምፁን ሰምታችሁታል፣ ያ "ድምፅ ቀንሺ" የሚለው። ልምሻ ሲመታው ሦስት ዓመቱ ነበር፣ እኔ ገና አልተወለድኩም። እና አያ ጎማውን የሚገፋበት ብረት ላይ የሳይክል ካላማዳሪያ ጠምጥሞበታል። አሮጌ ካላማዳሪያ በመቀስ እንደ ጥብጣብ በቀጭኑ ይቆርጠዋል፣ ከዛ ብረቱ ላይ እየሳበ፣ እየሳበ ይጠመጥመዋል፣ ጫፉን ወደ ውስጥ ይሸጉጠዋል። እንዳያንሸራትተው ነው፣ በክረምት ብረቱ ሲረጥብ እጅ አይዝም። በዓመት አንዴ ይቀይረዋል። ባሕር ዳር መቼም ሳይክል አይጠፋም፣ ካላማዳሪያ በሽ ነው። እና የእጁ መዳፍ እዚህ ጋ፣ ከአውራ ጣቱ ሥር፣ ጥቁር ነው፣ የጎማው ቀለም ገብቶበት፣ በሳሙና አይለቅም። ልጅ ሆኜ እጁ እንዲህ ሆኖ የተፈጠረ ነበር የሚመስለኝ።

ማታ ሱቁ ሄድኩ። የአንዱን ስልክ ፈታትቶ በካቻቢቴ ያቺን ፍሬ የማታክል ብሎን እያወጣ ነበር። "አያ እስኪ ይቺን እይልኝ" አልኩትና ስልኬን ፊቱ አቆምኩለት። ካቻቢቴውን አላስቀመጠም። አየ። እስከ መጨረሻው አየ። እኔ ፊቱን ነው የማየው፣ ምንም የለም ፊቱ ላይ። አለቀ። በጣቱ ነካ አድርጎ ከመጀመሪያው መለሰው። ድጋሚ አየ። ከዛ፣

"ዳገት አለው?"

አለኝ።

እኔ "አለው" አልኩት። ቶሎ ብዬ። ምክንያቱም አየሁት እኮ፣ ሜዳው ጎን ላይ ጎበጥ ያለ ነገር አለ፣ ተንደርድረው ወጥተውበት እየዘለሉ የሚመለሱበት። "አለው አያ፣ ይዘላሉ ሁሉ" አልኩት። "እሺ" አለኝ። ስልኬን መለሰልኝና ወደ ብሎኑ ተመለሰ። በቃ። ከዛ እማ ሽሮ ሠርታለች ምናምን ተባባልን፣ ሱቁን ዘጋን፣ ሄድን።

እና ከዛን ቀን ጀምሮ "ዳገት አለው?" ምን ማለት ነው? ማለቴ... እንዲያው ስለ ጌሙ ነው የጠየቀኝ? አያ ዕቃ የሚፈታ ሰው ነው፣ አሠራሩን ሊያውቅ ፈልጎ ሊሆን ይችላል፣ ዳገት ላይ ማውሱ ይከብዳል ወይ ማለቱ ሊሆን ይችላል። በነገራችን ላይ መቆጣጠሪያው ይንቀጠቀጣል፣ እጅ ላይ የሚሰማ ነገር አለው። ወይስ እነዚህ ሰዎች የሠሩት ነገር እውነት መሆኑን ነው በአንዲት ቃል የፈተነው? ወይስ ለኔ ነው?

ለኔ ከሆነ... ቤዛዊትን ነዋ።

ይህን ነግሬያችሁ አላውቅም። ባሕር ዳር ሜዳ ናት፣ ታውቃላችሁ፣ ሳይክል የበዛውም ለዛ ነው፣ አያም ከተማውን ሁሉ ብቻውን ነው የሚዞረው፣ ከጊዮርጊስ እስከ ፓፒረስ፣ የማንንም እጅ አይፈልግም። ዳገት ካልክ ቤዛዊት ናት፣ ዓባይን ተሻግረህ፣ የጃንሆይ ቤተ መንግሥት ያለባት። እኔ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ እያለሁ ከክፍል ጋር ወጥቼ መጣሁና ዓባይ ከላይ ሲታይ እንዲህ ነው፣ ጣና እንዲህ ነው እያልኩ አንድ ሳምንት ሙሉ አወራሁለት። "እወስድሃለሁ" አልኩት። ማን ውሰጂኝ አለኝ? ማንም። ራሴ ነኝ።

እና ሄድን። ድልድዩን ተሻገርን፣ እየሳቅን ነበር፣ ሸንኮራ ገዝተናል። ዳገቱ ሲጀምር እሱ ይገፋል፣ እኔ ከኋላ እገፋለሁ። ኮረኮንቹ ጋ ስንደርስ የፊቷ ትንሿ ጎማ ድንጋይ መሃል እየገባች ትቀረቀራለች። አወጣናት። እንደገና። አወጣናት። ግማሽ ላይ ሳንደርስ፣ ከግማሽ በታች፣ ክንዴ ተንቀጠቀጠ። "አያ ደከመኝ፣ እንመለስ" አልኩት።

አልመለሰልኝም። ሁለቱን ብረት ግጥም አድርጎ ይዞ ቆመ። ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት። ወደፊትም አይሄድም፣ ወደ ኋላም አይሄድም። ክንዱ ላይ ያለው ሥር ይታየኛል አሁን። ካላማዳሪያው ሲጨመቅ ጭጭ ይላል፣ ታውቃላችሁ ጎማ ሲታሽ የሚያሰማው ድምፅ... ከዛ "እሺ" አለኝ። ልክ የረቡዑን "እሺ" ነው። አዞርኩት፣ ወረድን። ሸንኮራውን እኔ በላሁት።

ከዛ በኋላ ቤዛዊት የሚባል ነገር ተነስቶ አያውቅም። አሥራ አምስት ዓመት ሊሆነው ነው። አሁን እኮ ባጃጅ አለ፣ መኪና መኮናተር ይቻላል፣ መቶ ጊዜ መሄድ እንችል ነበር። ለምን አልሄድንም? አላውቅም... ባጃጅ ልጠራለት ብል "ምን ልሠራ" ይለኛል ብዬ ነው መሰለኝ። ወይም የዛን ቀኑን እንዳያነሳብኝ።

ሌላም አለ ደግሞ፣ አሁን እያወራሁ ነው የመጣልኝ። ጌም ቤት። ሁልጊዜ ስለ ጌም ቤቱ ነው የማወራችሁ፣ ፔስ የሚባለውን የእግር ኳስ ጌም እንዴት እንደለመድኩ፣ ወንዶቹን እንዴት እያሸነፍኩ እንዳስነሳኋቸው። በሩ ላይ ሦስት ደረጃ አለ። ስንት ዓመት ስመላለስበት ሦስት መሆኑን የቆጠርኩት ሐሙስ ዕለት ነው፣ ሆን ብዬ በዛ በኩል አልፌ። አያ አንድም ቀን ገብቶ አያውቅም። የጆይስቲክ ቁልፍ ሲበላሽ ግን የሚጠግንላቸው እሱ ነው። ጆይስቲኩን በፌስታል አድርጌ እወስድለታለሁ፣ ይሠራዋል፣ በአውራ ጣቱ ጫን ጫን አድርጎ ይሞክረዋል፣ መልሼ እወስዳለሁ። እና አንድ ቀን እንኳ "አያ አንተስ መጫወት ትፈልጋለህ?" ብዬው አላውቅም። አንድ ቀን። ይሄን አሁን ጮክ ብዬ ስለው... 

ቆይ ውኃ ልጠጣ።

እሺ። ጌሙ ጥሩ ይሁን አይሁን ገና አይታወቅም፣ ክረምት ላይ፣ በፈረንጆቹ 2025 በጋ፣ ያኔ ይወጣል ነው የተባለው። ቅርጫት ኳስ ብቻ ከሆነ ሰው ቶሎ ይሰለቸዋል የሚሉ አሉ፣ እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። እኔ ራሴ ሌላ ጊዜ ብሆን ሜትሮይድን ሳወራ ነበር የምውለው። ደግሞ አያ እውነተኛውን ቀኑን ሙሉ ሲገፋ ውሎ ማታ ጠረጴዛ ላይ ሌላ ጎማ ይግፋ? ዕረፍት ቢሆን መኪና መንዳት አይመርጥም? ላሟን አይመርጥም? ወይም ምናልባት እዛ ላይ ነው የሚያሸንፈን፣ እጁ ያውቀዋላ፣ ግራና ቀኝ ማመጣጠኑን፣ በአንድ እጅ ይዞ በሌላው መዞሩን፣ እኔ ካፌ ጠረጴዛ ላይ ስሞክረው እንኳ ሁለቱ እጆቼ እኩል አልሄዱልኝም። እኔን ደረጃውን አስወርዶ... አላውቅም። ለሱ እየወሰንኩለት ነው አሁንም፣ አይደል? ይፈልጋል፣ አይፈልግም እያልኩ።

እና 55 ሺህ ብር። እሱን ማታ ማታ አስቤዋለሁ ያልኳችሁ እንግዲህ ለዚህ ነው።

"አለው" ማለቴ ነው ከሁሉ የሚቆጨኝ። ቶሎ ብዬ። ያ ጎበጥ ያለው ነገር ዳገት አይደለም እኮ፣ መዝለያ ነው። ተንደርድረህ ትወጣዋለህ፣ ያወርድሃል። ዳገት ላይ ስታቆም ወደ ኋላ ይጎትትሃል። ያንን ነው የጠየቀኝ ይሆናል፣ እኔ "ይዘላሉ ሁሉ" አልኩት።

ትናንት ማታ ራት ላይ፣ እንዲያው ከሌላ ወሬ መሃል፣ "ያቺን ቪዲዮ በቴሌግራም ላኪልኝ እስኪ" አለኝ። ለምን እንደሆነ አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩትም። ላኩለት። ከሥሯ አንድ ነገር ልጽፍ ጀምሬ ነበር፣ "አያ ቤዛዊት" ብዬ... አጠፋሁት። ባዶዋን ነው የላክኋት።

አሁን ልየው እስኪ... ቆዩ። አንድ ጭረት ናት። አልከፈተውም ገና። ሱቅ ነው መሰለኝ፣ እሁድም ይከፍታል እሱ...