የተላጠው ቀለም ይቆይልን፦ በዓመታዊ ጉባኤያችን የተደረገ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የመጫወቻ መኪና ሰብሳቢዎች ማኅበራችን አባላት፣ ውድ እንግዶቻችን፤ እንኳን በሰላም መጣችሁ።

ወደ መድረኩ ከመውጣቴ በፊት ጠረጴዛዎቹን ዞር ዞር ብዬ አየሁ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የተሠሩ ዲንኪዎች፣ መስኮታቸው ብርጭቆ የመሰለ ፕላስቲክ የተገጠመላቸው ኮርጊዎች፣ የመጀመሪያዎቹ ሆት ዊልስ፣ የየፋብሪካው የብረት መኪና ሁሉ አለ። እኔን ያቆመችኝ ግን አንዲት ትንሽ የማችቦክስ (ስሙ «የክብሪት ሳጥን» ማለት ነው) ሮለር፣ የመንገድ መዳመጫ መኪና ናት። የማችቦክስ ፈጣሪው ጃክ ኦዴል የዚህችን ሮለር የመጀመሪያ ናሙና የሠራው ለልጁ ነበር፤ ትምህርት ቤቷ በክብሪት ሳጥን ውስጥ የማይገባ መጫወቻ ይዞ መምጣትን ከልክሎ ስለነበር ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 የጀመረው የማችቦክስ ተከታታይም ቁጥር 1 ያላት እሷን ነው።

ጠረጴዛችን ላይ ያለችው አረንጓዴ ቀለሟ ጠርዝ ጠርዙን ተልጦ ግራጫው ዚንክ ወጥቷል። የተላጠው የልጅ ጣት በሚይዝበት በኩል ነው። ባለቤቷ እንደገና ሳይቀባት ስላቆያት ከልብ አመሰግነዋለሁ።

ዛሬ የምለምናችሁ ይህንኑ ነው፦ ለመቀባት አትቸኩሉ። የፋብሪካው ቀለም አንዴ በማስለቀቂያ ከታጠበ የሚመልሰው የለም። መጠገን ነውር አይደለም፤ ጎማ የሌለው መኪና ጎማ ቢገባለት እኔም ደስ ይለኛል። ግን የተደረገው ሁሉ ይጻፍ። ተመሳስሎ የተሠራ ካርቶን፣ አዲስ ጎማ፣ ተሰርስሮ የተከፈተ ሪቬት (አካሉንና ወለሉን የሚያያይዘው የብረት ችንካር)፣ ሁሉም ከመኪናው ጋር በሚቀመጥ ወረቀት ላይ ይስፈር። ወረቀት ይጠፋል የምትሉ ካላችሁ ወለሉ ውስጠኛ ገጽ ላይ ምልክት አድርጉ። አዲስ ገቢ ወጣቶቻችን የታደሰውን እንዳልተነካ እየገዙ ገንዘባቸውን ሲያጡ ማየት ያሳዝነኛል።

ነገሩን የሚያከብደው ደግሞ የዚንክ በሽታ ነው። መኪናዎቹ የሚሠሩበት የዚንክ ቅይጥ ሲዘጋጅ ጥቂት እርሳስ ከገባበት ብረቱ ከውስጥ ይበላል፤ ያብጣል፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ያወጣል፣ በመጨረሻም ይፈረካከሳል። ከጦርነቱ በፊት የተሠሩ ብዙ ዲንኪዎች የጠፉት በዚህ ነው። መድኃኒት የለውም። ደረቅና ሙቀቱ የማይዋዥቅ ቦታ ያዘገየዋል እንጂ አያድነውም። ከአንዱ ወደ ሌላው ይጋባል ብላችሁ የታመመውን የምታገሉ ግን ስጋታችሁን ተዉ፤ ችግሩ በራሱ ብረት ውስጥ ያለ ነው። ስንጥቁን በሙሊት ደፍኖ ላዩን መቀባት ግን ገዢን ማታለል ነው። ይህን ጠንከር አድርጌ የምናገረው ሆን ብዬ ነው።

የሚፈርሰውን ማዳን ካልቻልን እንመዝግበው። ሊቀመንበር እንደመሆኔ ለዛሬው ጉባኤ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው፦ እያንዳንዱ አባል በእጁ ያለውን የታመመ መኪና ከላይ፣ ከታችና ከጎን ፎቶ ያንሳ፤ ርዝመቱንና ስፋቱን ይለካ፤ ወለሉ ላይ የተቀረጸውን ጽሑፍ ይገልብጥ፤ ለማኅበሩ መዝገብ ቤት ያስረክብ። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ያንኑ መኪና መልሶ ይለካ፤ እብጠቱ ምን ያህል እንደገፋ ያን ጊዜ ይታወቃል።

መለኪያ ካሊፐርና የመመዝገቢያ ቅጽ በመግቢያው በኩል ባለው ጠረጴዛ ላይ ተዘጋጅቷል። ሐሳቡ ከምሳ በፊት ለውይይት ይቀርባል፤ የምትቃወሙም ካላችሁ በግልጽ ተናገሩ። ጉባኤያችን መከፈቱን አበስራለሁ።