ክቡ የታለ?

የተከበራችሁ መምህራኖቻችን፣ የባቼ ልጆች፣ ተማሪዎች፤ እንደምን አመሻችሁ?

መጋቢት 5 የዓለም የሒሳብ ቀን ነው። ስለ ፓይ፣ የክብ ዙሪያ ለዲያሜትሩ ሲካፈል ስለሚገኘው ቁጥር፣ ተናገር ተባልኩ። እኔም ለዓመታት ሆዴ ውስጥ የቆየውን ይዤ መጣሁ።

ፋክቶሪያልን ሁላችንም እናውቃለን። ከ1 እስከ 5 ያሉት ሲባዙ 120 ነው፤ 5 መጽሐፍ በ120 መንገድ ይደረደራል። ቆጠራ ነው። የግማሽ ፋክቶሪያልስ? የሒሳብ ሊቁ ኦይለር እንደ ፈረንጆቹ በ1729 ከሴንት ፒተርስበርግ ለሌላው የሒሳብ ሰው ለጎልድባኽ በጻፈው ደብዳቤ መልሱን ሰጠ። ገና 22 ዓመቱ ነበር። ዛሬ ጋማ ፈንክሽን የምንለው፣ ፋክቶሪያልን ሙሉ ላልሆኑ ቁጥሮችም የሚያሰፋው፣ ከዚያ ተወለደ።

ሦስተኛ ዓመት ሳለን መምህሩ ሰሌዳው ላይ "የግማሽ ጋማ የፓይ ስኩዌር ሩት ነው" ብለው ጻፉ። እጄን አወጣሁ። "ቲቸር፣ ፓይ የክብ ነው። እዚህ ክቡ የታለ?"

"ፋይናል ላይ ይመጣል፣ ሸምድደው" አሉኝ። ክፍሉ ሳቀ። ሸመደድኩ። እውነትም መጣ። ሙሉ ነጥብ አገኘሁ። ምን እንደጻፍኩ ግን አላውቅም ነበር።

ከተመረቅሁ በኋላ፣ መብራት የጠፋ ማታ፣ ሻማ አብርቼ ቁጭ አልኩበት። ጋማ የሚሰላው በኢንተግራል፣ ማለትም ከኩርባ ሥር ባለ ስፋት ነው፤ እዚያ ውስጥ ያለውን ቲ በዩ ስኩዌር ተካሁት። ደወል የሚመስለው ኩርባ ወጣ። ከሥሩ ያለው ስፋት በቀጥታ አልገኝ አለኝ። በራሱ አባዛሁት፤ አንዱን በኤክስ፣ ሌላውን በዋይ ጻፍኩ። ያኔ ኤክስ ስኩዌር ሲደመር ዋይ ስኩዌር ፊቴ ተገተረ። የራዲየሱ ስኩዌር! ደወሉ ዙሪያውን ክብ የሆነ ኮረብታ ሆኗል። ወደ ራዲየስና አንግል ቀየርኩት፤ በሁለት መስመር ፓይ ወጣ። ስኩዌር ሩቱን ሳወጣ ያ የሸመደድኩት መልስ። ክቡ እዚያው ነበረ! ሻማው እስኪያልቅ ደጋግሜ ጻፍኩት።

ሰሌዳ ላይ አምስት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። አምስት ደቂቃ! ለምን ተነፈግን? "ቻፕተሩ አላለቀም" ይሉናል። እኔም አስተማሪ ነኝ፤ የታጨቀ ክፍል ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ግን የጠየቀን ልጅ አፍ አስይዘን የጨረስነው ቻፕተር ለማን ነው? ፎርሙላ ያለ ማስረጃ መስጠት ማስተማር አይደለም። አይደለም!

ሌላም አለ። የኤክስ ጋማ "አንድ ሲቀነስ ኤክስ" በሚለው ጋማ ሲባዛ፣ ፓይ ለሳይን ፓይ ኤክስ ሲካፈል የሚገኘውን ይሰጣል። ግማሽን አስገቡበት፤ ሳይኑ 1 ይሆናል፣ የግማሽ ጋማ በራሱ ሲባዛ ያው ፓይ ብቻ ይቀራል። ጋማ ስለሚገባባቸው ሌሎች ፈንክሽኖች፣ ስለ ዜታና ስለ ቤሴል፣ ሰዓቱ አይበቃም።

ተማሪዎች፣ ሻይ ከጠጣን በኋላ ሰሌዳው እዚሁ ነው። ጠመኔ ይዣለሁ። ክቡን ማየት የምትፈልጉ ኑ።